ጥያቄ ቁጥር አሥራ ሰባት

ያችን ዜሮ የጻፍኳት ሻይ እየጠጣሁ ነው። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ። ሰው ትልቅ ጥፋት ሲያጠፋ ቢያንስ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ቀኝ ያያል፣ ያልበዋል። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ያሳሰበኝ የሻዩ ስኳር ማነስ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። የምሠራው ከብት እርባታን በሚያጠና መሥሪያ ቤት ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ መስኮቱ አልዘጋ ባለው ክፍል ውስጥ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ጥናት እጃችን ገባ። ጥያቄው የዓለም ጥያቄ ነው፤ ሰው እየበዛ፣ መሬቱ እየደከመ፣ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ ወተትና ሥጋ ከየት እናገኛለን? ላም ታገሳለች፤ ስታገሳ የሚወጣው ጋዝ አየሩን ያሞቃል። ብዙ ወተት የምትሰጠውም ታገሳለች፣ ጥቂት የምትሰጠውም ታገሳለች። ጥቂት ሰጥታ እኩል የምታገሳዋ በቢሯችን ቋንቋ «ዝቅተኛ አምራች» ትባላለች። ሾፌራችን ይህን በሰማ ቁጥር «ይቺማ እኔን ናት» ይላል።

የኛ ድርሻ በከተማው ዳር ባሉት ሠፈሮች ቤት ለቤት እየዞርን እያንዳንዷን ላም መለካት ነበር። በዚያ አካባቢ ሰው ግቢው ውስጥ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ላም ያረባል፤ የሚያልበውም በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ነው። ቅጹ አርባ አንድ ጥያቄ አለው። ምን ትበላለች? ስንቴ ወለደች? ስንት ሊትር ታለበች? አሥራ ሰባተኛው እንዲህ ይላል፤ ጥጃው በቀን ስንት ሊትር ይጠባል?

ጥያቄዋ አጭር ናት፤ ጉልበት ግን ትጨርሳለች። ጥጃ ይህን ያህል ጠባሁ ብሎ አይነግራችሁም። ከመጥባቱ በፊት ሆዱ ሥር ቀበቶ አዙሮ ሚዛን ላይ ማንጠልጠል፣ ጠብቶ ሲጨርስ እንደገና ማንጠልጠል፣ ልዩነቱን መጻፍ ነው። በመጀመሪያው ቤት ሠራነው፤ አንድ ሊትር ተኩል ወጣ። በሁለተኛውም ሠራነው፤ ሁለት ሊትር ሊሞላ ጥቂት ጎደለው። በሦስተኛው ቤት ጥጃው ገና ቀበቶውን ሲያይ ተወራጭቶ የሾፌሩን ጉልበት በእርግጫ አለው። ሾፌሩ በአንድ እግሩ እየዘለለ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ የቤቱ ባለቤት ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ሰዓቴን አየሁ። ይህንን ቤት ጨምሮ ሦስት መቶ አሥር ቤት ይቀረን ነበር።

«አሥራ ሰባትን በኋላ እንመለስበታለን» አልኩ።

«በኋላ መቼ ነው አለቃ?» አለ ሾፌሩ ጉልበቱን እያሸ። አለቃ የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ነው።

«በኋላ ነዋ!» አልኩት።

ሁለት መቶ ስምንተኛው ቤት የእህቴ ነበር። ታላቄ ናት፤ እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ያወጣችልኝ ስም ደግሞ ጥድፊያ ነው። ጫማዬን ሳላስር የምሮጥ፣ ሰው ጠይቆ ሳይጨርስ የምመልስ ልጅ ስለነበርኩ ነው። ዛሬም በሠፈሩ ሰው ሁሉ ፊት ጥድፊያ ትለኛለች፤ የምረቃ ፎቶዬን ግን ከእናታችን ፎቶ ጎን ሰቅላዋለች።

ላሟ ወይዘሮ ትባላለች። ቀይ ናት፣ ትንሽ ናት፤ ስትራመድ ግን ከኋላዋ አጃቢ ያላት ነው የምትመስለው። እኔ ያደግኩት በወይዘሮ እናትና አያት ወተት ነው፤ ደብተሬም ጫማዬም የወጣው ከእነሱ ጡት ነው። ወይዘሮ የምትበላው ሰው የማይበላውን ነው፤ የበቆሎ አገዳ፣ የጎመን የውጪ ቅጠል፣ ጎረቤት በባልዲ የሚያመጣው የድንችና የካሮት ልጣጭ። እበቷ ከጓሮ ወዳለችው የአትክልት መደብ ይገባል፤ ከዚያች መደብ አምስት ቤት ጎመን ይበላል። በቅጹ ላይ ስለ እበት የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም። ለልጣጩም «መኖ፣ ሌላ» የምትል አንዲት ጠባብ ሳጥን ብቻ ነበረች።

በቤታችን ላም ሲታለብ ሕግ አለ። ሁለቱ ጡት የቤት ነው፣ ሁለቱ የጥጃው ነው። የሠፈሩ ሴቶች ሁሉ የሚያልቡት እንደዚያ ነው፤ የጥጃውን ወገን ማንም አይነካም። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን እታለም አታየኝም ብዬ በጥጃው ወገን ያለውን ጡት ስጎትት ደርሳ እጄን ጠፍ አደረገችው። «የሱን ጨርሰሽበት ነገ ላም ከየት ልታመጪ ነው?» አለችኝ። እጄ ቀልቶ ሳለቅስ ደግሞ ያው ከቤቱ ወገን በጣሳ አልባ ሰጠችኝ። ይህን የምናገረው አላውቅም ነበር እንዳልል ነው። አውቅ ነበር። እጄ ሳይቀር ያውቅ ነበር።

በመለኪያው ቀን የእህቷን ላም አድልታ ለካች እንዳልባል ፈርቼ፣ ከሌላው ቤት ይልቅ እዚያ ኮስተር አልኩ። እታለም ከሁለቱ ጡት አለበች፤ ምልክት ባለው የፕላስቲክ ጆጌ ለካሁት። አንድ ነጥብ አራት ሊትር።

«የጥጃውንስ አትለኪም?» አለችኝ። «ሁለቱ እኮ የሱ ነው።»

«አውቃለሁ እታለም። በኋላ።»

«አይ ጥድፊያ!» ብላ ሳቀች። ጆጉን ስለወደደችው ትቼላት ሄድኩ።

ያ «በኋላ» የሚባለው ጊዜ ሳይመጣ ጥናቱ የሚገባበት ቀን ደረሰ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ቅጾቹን ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ፣ አሥራ ሰባተኛው ዓምድ ላይ ማሽኑ አላሳልፍ አለኝ። ባዶ ሳጥን አይወድም፤ ቀይ ይሆናል። ሦስት መቶ አሥር ቀይ ሳጥን ተደርድሮ አፈጠጠብኝ። ሦስተኛዋ ላይ ዜሮ ጻፍኩ፤ ቀዩ ጠፋ። ከዚያ ዜሮዋን ይዤ ወደ ታች ጎተትኳት። ሦስት መቶ አሥሩም በአንድ ጊዜ ነጡ።

እስከዚህ ድረስ ስንፍና ነው በሉት። ቀጥሎ የሠራሁትን ግን ስንፍና የሚለው ሰው ካለ አመሰግነዋለሁ፤ እኔ አልለውም። ከላይ ሁለት እውነተኛ ቁጥሮች ቀርተው ነበር፤ አንድ ተኩል፣ እና ሁለት ሊሞላ ጥቂት የጎደለው። ሁለት ጥጃ እየጠባ ሦስት መቶ አሥር ጥጃ ምንም አይጠባም ከተባለ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱንም አጥፍቼ ዜሮ አደረግኳቸው። ዓምዱ አማረ። የሻይ ቤቷን ሴትዮ ጠርቼ ስኳር አስጨመርኩ።

ጥናቱ ሲወጣ የሠፈሩ ላም በአማካይ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ሰጥታ የዓለምን አየር የምታሞቅ ጉደኛ ሆና ተገኘች። በአንድ ሊትር ወተት የሚወጣውን ጋዝ በሚያሳየው ሥዕል ላይ የኛን ላሞች የሚወክለው ቀይ ዓምድ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ተገትሮ ከወረቀቱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ኃላፊያችን እጃቸውን እያፋተጉ «ይህ ቁጥር ይናገራል!» አሉ። ለዓለም አቀፉ ጉባዔ እኔው እንዳቀርበው ተመረጥኩ። ምንጣፍ በተነጠፈበት አዳራሽ፣ አንገቴ ላይ ካርድ አንጠልጥዬ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አቀረብኩ። ተጨበጨበልኝ። በምሳ ሰዓት ሁላችንም ለተጠበሰ ሥጋ ረጅም ሰልፍ ያዝን።

ላም መልአክ ናት አልልም። ለሰው የሚሆን እህል እየተሰፈረላቸው በሺህ የሚታጎሩ ከብቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የእነሱን ነገር ዓለም ቢያስብበት ደግ ነው። ግን በእታለም ጓሮ የጎመን ቅጠል የምትበላዋን ወይዘሮን ከእነሱ ጋር አንድ ሰልፍ ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ከኋላቸው ሳይሆን ከፊታቸው።

ከጉባዔው በኋላ «ጥቂት ላም፣ ብዙ ወተት» የሚባል ፕሮግራም መጣ። ለአምስት ቤት አንዲት ትልቅ የዲቃላ ላም በጋራ በረት ትቀመጣለች፤ መኖዋ በቆሎና አኩሪ አተር ሆኖ ከሩቅ በመኪና ይመጣላታል። በቀን ሁለት ሊትር የማይሞሉት ትናንሾቹ፣ ባለቤቶቻቸው ፈርመው፣ ወደ ቄራ ይሄዳሉ። ስለ ጥጆቹ በዕቅዱ ላይ አንድ መስመር ነበር፤ «ባሉበት ያድጋሉ» ይላል። ዝርዝሩ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ጣቴን ወደ ታች እየሳብኩ ሁለት መቶ ስምንትን ፈለግኩ። አንድ ነጥብ አራት።

ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰው ሲታመም ጠያቂ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ስለ ዜሮው ማን ያውቃል?» አሉኝ።

«እኔ።»

«እንግዲያው ተረጋጊ። በሚቀጥለው ጥናት እናስተካክለዋለን። ቁጥሩ ትንሽ ቢያንስም አቅጣጫው ልክ ነው።»

«ትንሽ አይደለም፤ በግማሽ ነው የሚያንሰው!»

«ድምፅሽን ቀንሺ» አሉኝ።

ቀነስኩ። ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ቀንሺ ሲሉኝ ቀነስኩ። ወጥቼ በሩን እንኳ ቀስ ብዬ ነው የዘጋሁት።

ሁለት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ለእታለም ሦስት ጊዜ ደውዬ ስለ ወገቧ ሕመም፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ አወራሁ፤ ስለ ላሟ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ለራሴ የምነግረው ነገር ነበረኝ፤ እታለም አትፈርምም፣ ወይዘሮን ከምትሰጥ የቤቱን ጣሪያ ትሰጣለች፣ እሷ እንቢ ካለች ሠፈሩም እንቢ ይላል እል ነበር። እኔ ያጣሁትን ወኔ ወገቧን ለሚያማት እህቴ አሸክሜ ተቀመጥኩ።

ላሞቹ የሚሰበሰቡበት ቀን እኔና ሾፌሩ «ለመታዘብ» ተላክን። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል እንዲህ አለኝ።

«አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሰሞን የለካናቸው ሁለት ጥጆች ነበሩ። ዝርዝሩን አየሁት፤ የሉም። የት ሄዱ?»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። አልደገመውም። ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና ማርሽ ቀየረ።

የሠፈሩ ሜዳ ላይ ስንደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። አሥራ ስምንት ላም በሰልፍ ቆመዋል፤ ባለቤቶቻቸው ገመድ ይዘው እርስ በእርስ ያወራሉ፤ የጭነት መኪናው ገና አልመጣም። ከዳር እስከ ዳር አየሁ። ጥቁር አለ፣ ነጭ አለ፣ ቡራቡሬ አለ። ቀይ የለም። አልፈረመችም! ብዬ ከደስታዬ ብዛት ሾፌሩን ትቼው እየሮጥኩ ወደ ቤቷ ሄድኩ።

ከበሩ ውጪ የጥጃው ጩኸት ተቀበለኝ። ግንዱ ላይ ታስሮ፣ አንገቱን ወደ መንገዱ አስግጎ ይጮሃል። የወይዘሮ ቦታ ባዶ ነው። እታለም ደጃፉ ጋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጆጉንና አንድ ድስት ከፊቷ አስቀምጣለች።

«መጣሽ ጥድፊያ? ዘገየሽ» አለችኝ። «የመጀመሪያው መኪና ሲነጋጋ ወስዷታል። ዘጠኝ ሆነው ሄዱ።»

የወይዘሮን ባዶ ቦታ አየሁ። እሷ ግን ሌላ ነገር ይዟታል።

«እስቲ ነይ ይህን እይልኝ። ከመሄዷ በፊት ለጥጃው ይቅርለት ብዬ አራቱንም አለብኳት። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ጆጉ ሞላና የቀረውን ድስት ላይ ጨመርኩት። ቁጥር የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ስንት ነው?»

ጆጉ ሁለት ሊትር ምልክቱ ላይ ደርሷል። የድስቱን በአንዲት የሊትር ጠርሙስ ገልብጬ ለካሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በመጨረሻ መንቀጥቀጥ ትዝ አለው።

«ሁለት ነጥብ ዘጠኝ» አልኩ።

«ሁለት ያልሞላች ናት የምትሄደው ብለውን ነበር እኮ።» ወተቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ ወተቱን አየችው። ግንባሯ ተቋጠረ፣ ከዚያ ተፈታ። «እንግዲህ የኔ ጥፋት ነው። ያን ቀን ሁለቱ የጥጃው መሆኑን ሳልነግርሽ ቀርቼ ነው። እርጅና ነው፤ ረስቼው ነው።»

የማመልጥበትን በር በራሷ እጅ ከፈተችልኝ። አዎ ብል ያልቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ የመታችው እጄ ላይ ዓይኔን ተከልኩ።

«ነግረሽኛል እታለም።»

«ምን አልሽ?»

«ነግረሽኛል። እኔም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለጥጃው ምን ጻፍሽ?»

«ዜሮ።»

«ምንም አይጠባም ብለሽ?»

«አዎ።»

ወደ ጥጃው ዞረች። አሁንም ይጮሃል። «እና ይሄ በምን አደገ? በንፋስ?»

እንድትጮህብኝ፣ ጆጉን እንድትወረውርብኝ ፈለግኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታስታውስ ሰው አወራች።

«ሰው እንቢ ብሎ ነበር እኮ። ስብሰባ ላይ ሁሉም እንቢ አለ። ቤት ለቤት የዞርኩት እኔ ነኝ። እህቴ ናት የለካችው አልኳቸው። ጥድፊያ ትቸኩላለች እንጂ አትዋሽም አልኳቸው። አሁንም ሲያመነቱ ጊዜ የኔን ከሁሉም ፊት መጀመሪያ አስጫንኳት። ራሷ ነው የወጣችው፤ አንዴም አላስቸገረች።»

ስልኬን አውጥቼ ደወልኩ። የጭነት መኪናው ሾፌር አውርዶ እየተመለሰ ነበር። ቄራ ደወልኩ፤ ያነሳው ሰው ከኋላው ውኃ ሲፈስ ይሰማል። ቀይ ላም፣ ትንሽ፣ ቀንዷ ወደ ውስጥ የታጠፈ አልኩት። «እህቴ፣ የጠዋቱ ጭነት አልቋል» አለኝ፤ በትህትና ነው ያለኝ። ስልኩን ዘጋሁ። እታለም ምን አሉ ብላ አልጠየቀችኝም። ፊቴን አይታ ወደ መሬት አቀረቀረች።

ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

«ለኔ ነግረሽኛል» አለችኝ። «አሁን ሄደሽ ለእነሱ ንገሪ። መኪናው ሳይመለስ።»

አብራኝ መጣች። ከጎኔ አልነበረችም፤ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀርታ ነበር። ሜዳው ላይ ስደርስ የመኪናችን ደረጃ ላይ ወጣሁ፤ ሰው ዞር ዞር አለ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን የቢሮ ቋንቋ ነበር።

«በመረጃ አሰባሰብ ሂደቱ ላይ የተወሰነ ክፍተት በመታየቱ ምክንያት...»

ከፊት የቆሙ አንዲት አሮጊት አቋረጡኝ። ሠፈሩ «እማማ ለምን» ይላቸዋል፤ የሚናገሩት ሁሉ በለምን ስለሚጀምር ነው። «ለምን እንደ ሰው አትናገሪም?» አሉ።

«ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ጥጆቻችሁ የሚጠቡትን አልለካሁም፤ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። የሁላችሁንም። ላሞቻችሁ ከተጻፈው እጥፍ ይሰጣሉ። ወደ ቤታችሁ ውሰዷቸው።»

ላሞቹ ብቻ ያመሰኳሉ።

«ለምን?» አሉ እማማ ለምን። ሁልጊዜ ሰው የሚስቅባት ያች ቃል ያን ጊዜ ማንንም አላሳቀችም።

«ቸኩዬ ነው። ከዚያ ደግሞ ፈርቼ ነው።»

እማማ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ የላማቸውን ገመድ ሳብ አድርገው «ነይ እናቴ፣ ቤታችን እንሂድ» አሏት፤ ላሚቱን ነው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። አንድም ሰው አልሰደበኝም። ከእታለም ጎን ሲደርሱ ግን ሁሉም ቆም ይላሉ፤ አንዳንዱ ትከሻዋን ይነካል፤ ላሟ ለሄደችበት ሰው ምን እንደሚባል ማንም አላወቀም። በጠዋቱ መኪና ላም የሄደባቸው ሌሎቹ ስምንቱ ቤቶች በየበራቸው ሆነው ያያሉ። በእነሱ በር ሳልፍ አንገቴን ደፋሁ። አንዷ ገመዱን እንደያዘች ነው፤ ጫፉ መሬት ላይ ወድቋል።

ደብዳቤውን እዚያው መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ጻፍኩት። ዜሮውንም፣ ያጠፋኋቸውን ሁለት ቁጥሮችም፣ የኃላፊያችንን ቢሮም ጻፍኩ። ሾፌሩ ከላይ እስከ ታች አነበበና «ምስክር» የሚለው ቦታ ላይ ፈረመ። «ማስረጃዬን ከፈለጉ ጉልበቴን አሳያለሁ» አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው፤ አላሳቀኝም፤ እሱም አልሳቀም። ስልኬ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ወሬው የደረሳቸው ኃላፊያችን ናቸው። ከሥራ እንደምባረር ስለማውቅ አላነሳሁትም።

ወደ እታለም ስመለስ የወተቱን ድርሻ እየከፈለች አገኘኋት። ግማሹን ለቤት ድስት ላይ፣ ግማሹን ለጥጃው ባልዲ ውስጥ። ላሟ ሄዳም ሕጉ አልተሻረም። ጥጃው ከባልዲ መጠጣት አያውቅም፤ ጣቷን ወተቱ ውስጥ ነክራ አፉ ላይ ታደርግለታለች፣ ጣቷን ሲጠባ ቀስ አድርጋ አፉን ወደ ባልዲው ዝቅ ታደርገዋለች። ያስነጥሳል፣ ፊቷ ላይ ይረጫል፣ እንደገና ትሞክራለች። አንገቱን ልይዝላት ጎንበስ አልኩ። አልከለከለችኝም። ጠጥቶ እስኪጨርስ ያዝኩት።

ሲጨርስ ከቦርሳዬ አንድ ባዶ ቅጽ አወጣሁ። አዲሱ ሪፖርት ከዚህ ቤት እንዲጀምር ፈለግኩ፤ ሌላ የማደርገው ነገር አላውቅምና። ስሟን ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅኳት፤ አንድ በአንድ መለሰችልኝ። አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬን አቆምኩ።

«ምን ይላል?» አለች።

«ጥጃው በቀን ስንት ሊትር ይጠባል ይላል።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ባዶውን ባልዲ አነሳችና ውስጡን አየችው።

«የዛሬውን አንድ ተኩል ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። «የነገውን ዜሮ በይው ጥድፊያ። ነገ ዜሮው እውነት ነው።»